ስለ ኢንጋ፣ ስለ ዱዌን እና ስለ አንድ የባቡር ድልድይ

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ዋይልደር
የመንገድ መሪ መሣሪያዎች አምራች ድርጅት የደንበኞች እርካታ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለልብዎ። ድንገት አንድ ቀን ቁርስ በልተው ሲነሱ ደረትዎን ጨምደድ ቢያደርግዎ፣ ሆስፒታሉ ከቤትዎ ፊት ለፊት እንዲሆን፣ በመካከሉም ዝቅ ያለም ሆነ ከፍ ያለ አንዳች ድልድይ እንዳይኖር፣ ካለም የሚነግርዎ ሰው ከአጠገብዎ እንዳይጠፋ ከልቤ እጸልያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በመንገደኞች ማኅበራችን መጽሔት ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል የጻፍኩልዎትን አንብበው በግል መልሰውልኛል፤ መልስዎ እጅግ የሚያምር ስለነበር ለብቻዬ ማስቀረቱ ንፉግነት መስሎ ታየኝ። ስሜ ማርሊስ ኦስትቢ ይባላል፤ የሚኒሶታ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ዱዌን ዕድሜውን ሙሉ የወተት ቦቴ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ቤታችንን ሸጠን አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም ውስጧ ያለ ቤት-መኪና ገዛን። ብርዱን በአሪዞና፣ ሙቀቱን በሞንታና ተራሮች እያሳለፍን ስንኖር የእናንተ መሣሪያ ደረሰልን። ቅሬታ አለኝ ብዬ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ያለኝ ምስጋና ብቻ ነው፤ ለማንበብ እንዲቀልዎ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ፤ ምርጫችንን ስላቀለላችሁልን አመሰግናለሁ። እናንተ ሳትመጡ በፊት ለቤት-መኪና መንገድ መሪ መምረጥ ጭንቅ ነበር። በአሪዞናው ሰፈራችን አመሻሽ ላይ ወንበር አውጥተን ስንቀመጥ ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ ሃይማኖትና ፖለቲካ በሰፈሩ ደንብ ክልክል ናቸው፣ ጂፒኤስ ግን ስላልተከለከለ ሰው የሚጣላው በእሱ ነበር። ግማሹ ስልክ ይበቃል ይላል፤ ግማሹ ለረጅም መኪና የተሠራ የራሱ መሣሪያ ካልተገዛ ሞተን እናልቃለን ይላል። እኔ የወረቀቱ ካርታ ወገን ነበርኩ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ካርታው ጭኔ ላይ ነበር፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ አነባለሁ፤ መንገድ ስንስት እሱ እኔን ይቆጣል፣ እኔ ደግሞ ካርታውን የሣለውን ሰው እረግማለሁ፤ ከዚያ ዳር ይዘን ቆመን ሳንድዊች በልተን እንመለሳለን። ደስተኞች ነበርን ክቡር ሆይ፣ ግን አናውቀውም ነበር።

ጎረቤታችን ሃርላን የመሣሪያችሁ ወገን ነበር። ሃርላን እቃ ሲገዛ ሁሉም ሰው ያንኑ እቃ ካልገዛ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

«ስልክማ ለታክሲ ነው» አለው ዱዌንን። «ስልክ መኪናህ ቁመት እንዳላት በምን ያውቃል? ድልድይ ሥር ይከትህና ጣራህን ይገፈዋል። ይቺ ግን ቁመትህን፣ ርዝመትህን፣ ክብደትህን፣ የጋዝ ሲሊንደር መያዝ አለመያዝህን ሁሉ ትጠይቅሃለች። ከዚያ ወዲያ አንተ መሪውን መያዝ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማርሊስ ምን ልትሠራ ነው?» አለ ዱዌን እየሳቀ።

«ትተኛ! ስትጨቀጭቅህ ኖራ ደክሟታል።»

«ሁለታችሁ ገደል ስትገቡ የሚቀሰቅሰኝ ሰው እንዳይጠፋ ብቻ» አልኳቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር ዱዌንን ያሳመነው የሃርላን ምላስ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ አንዲት ቤት-መኪና ከአንድ ድልድይ ሥር ገብታ ጣራዋ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ተገልጦ አይተን ነበር። ባለቤቷ ሴትዮ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የተዘረገፈ ልብሷንና የልጅ ልጆቿን ፎቶግራፍ ትለቅም ነበር። ዱዌን መኪናችንን አቁሞ ወርዶ አብሯት ለቀመ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ዕድሜ ልኩን መሪ የያዘው ሰውዬ፣ ድልድይ ባየ ቁጥር መቀመጫው ላይ እንዳለ አንገቱን ይሰብር ጀመር። እኔ ስስቅበት እሱ አይስቅም ነበር። የእናንተን መሣሪያ የገዛው ከፍርሃት የተነሳ ነው፤ ፍርሃቱን ደግሞ እናንተ ከእኔ አስበልጣችሁ ታውቁት እንደነበር ከማስታወቂያችሁ ተረድቻለሁ።

በመሣሪያው ውስጥ የምትናገረዋን ሴት ኢንጋ ብሎ ስም አወጣላት። ኢንጋ የአባቱ እህት ነበረች፤ በሕይወቷ አንድም ቀን ተሳስቻለሁ ብላ የማታውቅ ሴት። እኛ ሰፈር ለመሣሪያው ስም ያላወጣ ሰው የለም፤ የሃርላን ጂፒኤስ በቀድሞ አለቃው ስም ነው የሚጠራው፣ እየተሳደበም ይታዘዘዋል። ካርታዬ አልጋ ሥር ገባ። እኔም እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩና ኢንጋ ባሌን ስትመራ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ቀንቼ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ትንሽ ግን ተከፍቼ ነበር።

፪ኛ፤ ጥንቃቄን ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። ዱዌን የመኪናችንን ቁመት ሲለካ ቢያዩት ኖሮ በደንበኛዎ ይኮሩ ነበር። መሰላል አቁሞ ወጣ፤ በጣራው ላይ ካለው የአየር ማቀዝቀዣ አናት ላይ ጣውላ አጋድሞ በውሃ ልክ አስተካከለ፤ ሜትሩን ወደ ታች ለቀቀልኝ፤ እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጫፉን ያዝኩ። አንብቤ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ወርዶ ራሱ አነበበው። ያንን እውነተኛ ቁመት በነጭ ፕላስተር ላይ በደማቁ ጽፎ ከሹፌሩ ፊት ካለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጠፈው።

ወደ መሣሪያው ሊያስገባው ሲል ግን ሃርላን አጠገቡ ነበር።

«አንድ ጋት ጨምርበት እንጂ!» አለው። «ጎማህ በሙቀት ሲነፋ ከፍ ትላለህ።»

ይህ የእኛ ሰዎች ልማድ ነው ክቡር ሆይ። ሌላው ዓለም ዕድሜውን እንደሚቀንሰው ሁሉ እኛ ቁመታችንን እንጨምራለን፤ የመኪናውን ትክክለኛ ቁመት ለመሣሪያው የሚነግር ሰው እኛ ዘንድ እንደ ሞኝ ይታያል። ዱዌን አንድ ጋት ጨመረ። ቀጥሎ መመሪያችሁን ገለጠ፤ እዚያም «ለደኅንነትዎ ሲባል ከለኩት ከፍታ በላይ እንዲያስገቡ ይመከራል» የሚል ምክር አገኘ። መመሪያ የሚያከብር ሰው ስለነበር ሌላ ጋት ጨመረ። «አሁን ጨመርክ እኮ» ስለው «መጨመር ማንን ይጎዳል?» አለኝ። ጥያቄው ያን ጊዜ መልስ የሌለው ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

፫ኛ፤ መኪናችንን ስላተረፋችሁልን አመሰግናለሁ።

በሞንታና፣ ዊሎው ፎርክ ከምትባል ትንሽ ከተማ በላይ ባለ ሸለቆ ውስጥ፣ የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ሰፍረን ነበር። ኔትወርክ የሌለበትን ቦታ የምንመርጠው ራሳችን ነን፤ ዱዌን ጸጥታ ስለሚወድ። ጠዋት ቁርስ በልተን ዱዌን ከመኪናው ጎን የተዘረጋውን ሸራ ሲጠቀልል መሃሉ ላይ ተወውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሸራ ጀምሮ የሚተው ሰው አልነበረም። ወጥቼ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማርሊስ፣ ክንዴን» አለኝ። «ክንዴን የሆነ ነገር ያዘው።»

እየጎተትኩ አስገባሁት። የእኔ መቀመጫ ላይ አስቀመጥኩት፤ ካርታ የማነብበት መቀመጫ ላይ። ኢንጋን ሆስፒታል ብዬ ጠየቅኳት፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ወዲያው አገኘችው። ያቺን መኪና ብዙ ጊዜ ነድቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን እንደ ወተት ቦቴ ነዳኋት፣ ሳህኑም ብርጭቆውም ከኋላ እየተሰበረ።

ከሸለቆው ስንወጣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በረጅም ምሰሶ ላይ የቆመው የከተማው የውሃ ጋን ፊት ለፊት ይታያል፤ የመንገዱ ሰማያዊ ምልክት ሆስፒታሉ ወደፊት መሆኑን በቀስት ያሳያል። ኢንጋ ግን በዚያ በማይናወጥ ድምጿ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለች። ወደ ቀኝ ያለው የተራራው መንገድ ነው። ፍሬን ያዝኩ።

«ዱዌን፣ ምልክቱ ወደፊት ነው ይላል። ከተማው ያውና!»

ዓይኑን ገለጥ አድርጎ የውሃ ጋኑን አየው። እርስዎ ይህን ሰው ቢያውቁት ኖሮ! በሕይወቱ ሙሉ የውሃ ጋን እያየ ከተማ ሲያገኝ የኖረ ሰው ነው፤ በበረዶ ውስጥ የእያንዳንዱን ገበሬ በር ሳይስት ወተት ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው።

«ኢንጋን ስሚያት» አለኝ። «ወደፊት የሆነ ነገር ቢኖር ነው። እሷ… እሷ ታውቃለች። የመረጥናት ለዚህ ቀን አይደል?»

ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

መንገዱ ዳገት ነው፤ ጠመዝማዛ ነው፤ ለፎቶግራፍ ግን እጅግ የሚያምር ነው። ኢንጋ ውለታዋ ብዙ ነው፤ በጉዞው መሃል ከፊታችን የተፈጥሮ ውበት ማያ ቦታ እንዳለ ነገረችን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚደፋበት ጣቢያ መቃረባችንን አስታወሰችን። ባሌ አጠገቤ ትንፋሽ እያጠረው ነበር፤ እሷ ስለ ፍሳሽ ታወራለች። ወደፊት ስላለው ነገር፣ ለምን ወደ ቀኝ እንዳጠፈችን፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሳይጠየቅ ስለ ፍሳሽ መናገር የሚያውቅ መሣሪያ ሠርታችሁ፣ ስለዚህኛው ግን ዝም በዪ ብላችሁ አስተማራችኋት።

ስልኬ ኔትወርክ ያገኘው ዳገቱ አናት ላይ ነው። የድንገተኛ አደጋ ስልክ ያነሳችው ሴት ያለሁበትን ስነግራት ግራ ገባት።

«እዚያ ላይ ደግሞ ምን ሊሠሩ ወጡ እማማ? በሐዲዱ ሥር ቀጥ ብለው ቢመጡ እኮ…»

አምቡላንስ ላከች። አምቡላንሱ ሽቅብ፣ እኛ ቁልቁል መንገድ ላይ ስንገናኝ የዱዌን ራስ በመስኮቱ መስታወት ላይ ተደግፎ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ግን ትንፋሽ አልነበረም። የአምቡላንሱ ልጆች የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። እነሱን ተከትዬ ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ኢንጋ «ካሰቡት ቦታ ደርሰዋል» አለችኝ።

መኪናችን አንድም ጭረት አልነካትም።

፬ኛ፤ ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። ለደብዳቤዬ የሰጡኝን ምላሽ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በሐዘኔ እንደሚጋሩኝ ከገለጹ በኋላ «መሣሪያው እንደ ታለመለት መሥራቱን፣ ተሽከርካሪዎንም ልታልፍበት ከማትችለው ድልድይ መጠበቁን አረጋግጠናል» ብለዋል። ቀጥለውም ተሽከርካሪዬ ያለ ጉዳት በመድረሷ ድርጅትዎ የተሰማውን ደስታ ገልጸውልኛል። ደስታዎን አላጎድልብዎትም። ነገር ግን «ልታልፍበት ከማትችለው» የሚለውን ቃል ማለፍ አልቻልኩም። እውነት ከሆነ እግዚአብሔር የፈቀደው ሆነ ብዬ አርፌ ልቀመጥ፤ እውነት ካልሆነ ግን ባሌ የሞተው በምንድን ነው?

ስለዚህ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችልኝ ወጣት ሠራተኛዎ ደግ ልጅ ነበረች፤ ከዚህ በታች ስለምጽፈው እባክዎ እንዳይቀጧት።

«ወይዘሮ ማርሊስ» አለችኝ፣ «እርስዎ ካስገቡት ቁመት ላይ መሣሪያው ራሱም ትንሽ ይጨምርበታል እኮ።»

«ለምን ይጨምራል?»

«ለጥንቃቄ ነዋ።»

«ለማን ጥንቃቄ ልጄ?»

«ለመኪናዋ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዱዌን ጨምሯል፤ መመሪያችሁ አስጨምሮታል፤ መሣሪያችሁ በላዩ ላይ በድብቅ ጨምሮበታል። ያንን ሁሉ ጥንቃቄ እንደ ሌላ ፎቅ ጣራችን ላይ ሠርተን ነው ለካ አገር ለአገር ስንዞር የኖርነው።

አምስተኛ ቁጥር መጻፍ አቃተኝ፤ ቁጥሩ እዚህ ያብቃ። ያደረግሁትን ልንገርዎና ልጨርስ።

ሃርላንን ጠራሁትና አብሮኝ ወደ ዊሎው ፎርክ ተመለስን። መንታው መንገድ ላይ ስንደርስ ኢንጋ ወደ ቀኝ አለች። ቀጥ ብዬ ነዳሁ። ብዙም ሳይርቅ የባቡር ሐዲዱ ድልድይ መጣ፤ ጠባብና አሮጌ ነው፤ ከፍታው ግንባሩ ላይ ተጽፏል። የተጻፈውንና ዱዌን ከፊቴ ለጥፎት የሄደውን ፕላስተር አነጻጸርኩ። ሃርላንም አነጻጸረ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ።

እንደኛ ዓይነት ሰዎች ጠባብ ቦታ ሲያጋጥመን አንዳችን ወርደን በእጅ ምልክት ሌላኛችንን እናሳልፋለን። ይህ ሥራ የዱዌን ነበር፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ «ነይ፣ ነይ፣ የኔ ቆንጆ» ሲል፣ የሚያናግረው እኔን ይሁን መኪናዋን አላውቅም ነበር። አሁን በእሱ ቦታ የቆመው ሃርላን ነው፤ መጥረጊያ በእጁ አቁሞ፣ እንጨቱን በጣራውና በድልድዩ መካከል እያስገባ። እኔ ፍሬኑን በእግሬ ጣት ጫፍ እንደመርገጥ አድርጌ ለቀቅኩት። ኢንጋ «በተቻለ ፍጥነት ይመለሱ» አለች። «በተቻለ ፍጥነት ይመለሱ» አለች ደግማ። ድልድዩ ሥር ጨለማ ነበር፤ ሳላስበው እንደ ዱዌን አንገቴን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ከዚያ ፀሐይ ሆነ።

«አለፈች» አለኝ ሃርላን በመስኮት በኩል። «ስንዝር ሙሉ ተርፏት አለፈች እኮ ማርሊስ!» ከዚያ መጥረጊያውን ይዞ የእግረኛው መንገድ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ጨምርበት ያልኩት። እኔ ነኝ።» ከዚያ በፊት ሃርላን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሃርላን ደግ ሰው ነው፤ ጎረቤቱን ስለወደደ ነው የጨመረው። በማንም ላይ መፍረድ አልቻልኩም፤ ግን ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፣ እስከ አጥንቴ ድረስ ተናድጃለሁ። ከድልድዩ ባሻገር የሆስፒታሉ በር ይታያል። ከመንታው መንገድ እስከዚያ በር ድረስ ዱዌን አንድ ሳንድዊች በልቶ አይጨርስም ነበር።

ድልድዩ በእውነት ዝቅተኛ ቢሆን ኖሮስ? ይህንንም አስቤዋለሁ፤ ቁጣዬ ከዚህ በኋላም አልበረደም። ኢንጋ «ሆስፒታሉ ወደፊት ነው፤ ዝቅ ያለ ድልድይ ስላለበት ነው የማዞርዎት» ብላኝ ቢሆን ኖሮ፣ መኪናዋን ድልድዩ አፍ ላይ አቁሜ እየጮህኩ በእግሬ ሮጬ ሰው እጠራ ነበር። ወይም ጣራው ይገፈፍ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳ ነበር። ዱዌን ራሱ ምክንያቱ አንድ ድልድይ መሆኑን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን ይሰማ ነበር፤ እንወስን ነበር። ባልና ሚስት ሆነን ስንወስን የኖርን ሰዎች ነን፤ ያን ዕለት ብቻ ሳንጠየቅ ተወሰነልን።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መሣሪያችሁ ሰውን ከሆስፒታል መንገድ ሲያዞር ለምን እንደሚያዞር በአፉ ይናገር። ሌላውን ለሰው ይተው። ይህንኑ በስልክ ጠይቄ «ለጊዜው በዕቅዳችን ውስጥ የለም» ተብያለሁ። ዕቅዳችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን አሁን ብርዱ ለቋል፤ የአሪዞናው ሰፈራችን እቃውን እየጠቀለለ ነው፤ ደረታቸው ውስጥ እንደ ዱዌን ያለ ልብ የያዙ ሽማግሌዎች በየመሰላሉ ላይ ወጥተው ቁመት እየለኩ፣ ጎረቤቶቻቸውም ከሥር ቆመው ጨምርበት እያሏቸው ነው። ከመካከላቸው ሸለቆ የሚወድ፣ መመሪያ የሚያከብር፣ ሚስቱን ኢንጋን ስሚያት የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ወደ መንታው መንገድ ከመድረሱ በፊት ዕቅዳችሁን እንድታዩት በትሕትና አሳስባለሁ።

እኔም በዚህ ሳምንት እነሳለሁ፤ ካርታዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። የሚነዳውና የሚያነበው አንድ ሰው ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ዳር ይዤ መቆም አለብኝ። የሚቆጣኝ የለም። ያ ነው የከበደኝ።

የድርጅትዎ ትርፍ እንዲበዛ፣ የደንበኞችዎ ተሽከርካሪዎች ሁሉ ጣራቸው ደኅና እንዲሆን፣ እርስዎም በመጨረሻው መንገድዎ ላይ ወደ ቀኝ የሚያዞርዎ እንዳይገጥምዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ጭረት ባልነካው ምስጋና እሰናበትዎታለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎ፣
የአቶ ዱዌን ኦስትቢ ባለቤት
ማርሊስ ኦስትቢ

ማሳሰቢያ፦ ለማጽናኛ ይሆነኝ ዘንድ በባሌ ስም የዕድሜ ልክ የካርታ እድሳት በነጻ ስለሰጡን አመሰግናለሁ፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ባለፈው ሰሞንም ድርጅትዎ ዱዌንን በስሙ ጠርቶ ስለዚያ ቀን ጉዞ አስተያየት እንዲሰጥ በስልኩ ጠይቆታል፦ «ውድ ዱዌን፣ ካሰቡት ቦታ በሰላም ደርሰዋል?» የሚል ነው። ጥያቄ ሳይመልስ የሚተው ሰው ስላልነበረ እኔ መልሼለታለሁ፦ መኪናዋ ደርሳለች።